ገዘር መንገድ ላይ ጠፋ ያልኩት ካሴት

ካሴት ሽታ አለው። የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ከላስቲኩ አዲስ የወጣ ካሴት አፍንጫው ላይ አስጠግቶ የሚያውቅ ሰው ግን ነገሬ ይገባዋል። የማተሚያ ቀለም፣ የፕላስቲክና ትንሽም የመድኃኒት ቤት ነገር ያለው ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ልጄ ምሕረት ከአልጋዬ ስር አንድ ካርቶን ጎትታ ክዳኑን ስትከፍተው ያ ሽታ ከስንት ዓመት አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ወጣና እኔን ሸበቶውን መምህር እዚያው በቆምኩበት ጎረምሳ አደረገኝ። «አባዬ፣ ገንዘብ ላይ ነው እንዴ የምትተኛው!» አለችኝ። የጂንካ ወጣቶች በአሮጌው አውሮፕላን ሜዳ ላይ የድሮ ዕቃ ባዛር ሊያዘጋጁ ነበርና ለዚያ የሚሆን ነገር ስታስስ ነው ካርቶኑን ያገኘችው። እኔ የድሮ ዕቃ ሲባል የአያቶቻችን በርጩማና ቅል መስሎኝ ነበር። ለካስ «ድሮ» የሚሉት እኛኑ ኖሯል። ካሴት፣ ፖስተር፣ የዘፋኝና የኳስ ተጫዋች ፖስት ካርድ፣ የግድግዳ ካላንደር፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ፤ ይህን ሁሉ የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች ከአርባ ምንጭ፣ ከሐዋሳ፣ ከአዲስ አበባም ድረስ ይመጣሉ ተባለ። ሰው በቁሙ ቅርስ ሲሆን ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቅኩት። ደስ አይልም፤ ግን ያን ያህልም አይከፋም።

አውሮፕላን ሜዳው ያኔ የከተማዋ እምብርት ነበር። ሣሩ ላይ ከብት ይግጣል፣ ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ ገበያተኛው አቋርጦት ይሄዳል። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ሳይረን ይነፋል፤ ከብቱም ልጁም ገበያተኛውም ወደ ዳር ይሸሻል፤ አውሮፕላኑ ተነሥቶ ሲሄድ ሁሉም ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሜዳው ዳር፣ ወደ ገበያው በሚያወጣው ጥግ ላይ፣ የሸምሱ ሙዚቃ ቤት ነበረች። ሰማያዊ የተቀባች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ግድግዳዋ በፖስተር ከመለበጡ የተነሣ ቆርቆሮው የት እንደሚጀምር አይታይም ነበር። ሸምሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አጎቱን ተከትሎ ከወሎ የመጣ ልጅ ነው። አጎቱ ስኳርና ጨርቅ ሲነግድ እሱ «እኔ ዘፈን እሸጣለሁ» ብሎ ተለየ። አጎቱ ለሦስት ወር አላናገረውም። ባዶ ካሴት ሰባት ብር፣ ኦሪጅናል አሥራ ሁለት ብር፣ ማስቀዳት ሦስት ብር፣ ፖስት ካርድ ሰባ አምስት ሳንቲም። መብራት በጄኔሬተር ስለሆነና ጄኔሬተሩም ሲመሽ ብቻ ስለሚነሣ ቀን ቀን በመኪና ባትሪ ነበር የሚሠራው። ቅዳሜ ገበያው ሲደምቅ ድምፅ ማጉያውን ደጅ ያወጣዋል። የበና ጎረምሶች ተጣጥበው፣ ተቀብተው፣ ላባቸውን ሰክተው ሲያልፉ እዚያ ጋ ቆም ይላሉ፤ ቋንቋውን ይስሙ አይስሙ ባላውቅም ዜማው ሲለወጥ እንደኛው ጭንቅላታቸውን ይወዘውዙ ነበር። አሁን በዚያ ጥግ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከታች የስልክ ካርድና የስልክ ልባስ ይሸጣል።

እኔ ያን ጊዜ ከጂንካ በላይ፣ ደጋው ላይ ባለችው ገዘር አስተማሪ ነበርኩ። ዓርብ ትምህርት ሲያልቅ የጭነት መኪና ካገኘሁ በመኪና፣ ካላገኘሁ በእግሬ ወደ ጂንካ እወርዳለሁ። ጂንስ ሱሪዬን በፍራሽ ስር አድርጌ ነበር የምተኩሰው፤ ነጭ ሸራ ጫማዬንም በትምህርት ቤቱ ጠመኔ አነጣዋለሁ። ሸምሱ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ የቆዳ ጃኬት ይለብሳል። «አይሞቅህም?» ስለው «ይሞቀኛል፤ ግን ያምርብኛል» ይለኛል። እኔ የአሪ ልጅ ነኝ፣ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። እሱ በአነጋገሬ ሲስቅብኝ እኔ ደግሞ በአሪኛው እስቅበታለሁ፤ አንድ ቀን ለአንዲት አሮጊት «ደህና አደሩ» ያለ መስሎት ምን እንዳላቸው እዚህ አልጽፈውም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሱቁ ውስጥ እውላለሁ። ቴፕ የበላውን ካሴት በእስክርቢቶ እያሽከረከርኩ አጠነጥናለሁ፤ የዘፈኖቹን ዝርዝር በካርዱ ላይ የምጽፍለት እኔ ነኝ፣ የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው ብሎ። ደመወዜም ካሴት ነው። በየሳምንቱ አንድ ኦሪጅናል ይዤ ወደ ገዘር እመለሳለሁ። ድንጋዩ ሲደክም አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ አንድ ሁለት ዘፈን ይጨምርልኛል።

በሱቁ መደርደሪያ ላይ የማይሸጥ አንድ ካሴት ነበር። ዘፋኟ የሸምሱ አገር ልጅ ናት፤ ያን አንድ ካሴት ብቻ አውጥታ የቀረች። ሽፋኑ ላይ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ግራር ተደግፋ ትታያለች። ሸምሱ ከወሎ ሲወጣ ከልብሱ ሌላ የያዘው ነገር እሱ ነው። በጀርባው ስሙን በዐረብኛ ፊደል ጽፎበታል። ከዘፈኖቹ አንዱ ከአገር ስለሚወጣ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ ስለ መንገዱ፣ ሁለተኛው እናቱ በር ላይ ቆማ ስላለችው፣ ሦስተኛው እሱ ስለመለሰላት። ሸምሱ ይህን ዘፈን ሲሰማ ደንበኛ ቢመጣም አያስተናግድም። «ለምን ቀድተህ አትሸጠውም? ሰው ይወደዋል እኮ» አልኩት አንድ ቀን። «ሁሉም ቤት ከገባ የኔ መሆኑ ይቀራል» አለኝ። ያን ካሴት ለአንድ ሳምንት ያዋሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለእኔ።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። በዚያው ሳምንት ገዘር ላይ ጌታን ተቀበልኩ። በዚህ አልጸጸትም፤ እስከ ዛሬም የኖርኩበት ነው። በዚያ ዘመን ግን አዲስ አማኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዓለማዊ ካሴቶቹን ማስወገድ ነበር። ብዙዎቹ ጓደኞቼ አቃጠሉ። እኔ አሥራ ሁለት ብር የወጣበትን ነገር ማቃጠል አልሆነልኝም፤ አስተማሪ ነኝ፣ የጠመኔ ስባሪ እንኳ የማልጥል። ኦሪጅናል ካሴት እንዳይቀዳበት ከላይ ሁለት ቀዳዳ ይተውለታል፤ ቀዳዳዎቹን በወረቀት ጠቅጥቀህ ከዘጋህ ግን እንደ ባዶ ካሴት ይቀዳልሃል። የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር በአሪኛ የሚዘምራቸው መዝሙሮች ነበሩ፣ ባዶ ካሴት የሚገዛላቸው ግን አልነበረም። እሑድ ከጸሎት በኋላ ቴፑን አስቀምጬ በዘፈኖቼ ሁሉ ላይ መዝሙር ቀዳሁባቸው። ወንድም እኅቱ ሁሉ አመሰገነኝ። የሸምሱ ካሴት ከመሃላቸው ነበር። የሰው ንብረት እንደሆነ አውቄያለሁ፣ አላወቅኩም አልልም። «ለእሱም ነፍስ ይጠቅመዋል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ በዚያ ዕድሜ ሰው ለሌላው ነፍስ ማሰብ ይቀለዋል።

ጂንካ ስደርስና የሸምሱን ፊት ሳይ ድፍረቴ ሁሉ ጠፋ። «ከገዘር ስወርድ መንገድ ላይ ከቦርሳዬ ወደቀ» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ «ና እንፈልገው» አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የገዘርን መንገድ በእግራችን ሄድን። እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እያጎነበሰ ሣሩን በእጁ ይገልጣል፤ ያገኘነውን ገበሬ ሁሉ በዚያ ጉደኛ አሪኛው ይጠይቃል። እኔም ጎንበስ እያልኩ ሣር ገለጥኩ። ካሴቱ ገዘር፣ ትራሴ ስር ነበር። በሕይወቴ የሠራሁት ትልቁ ውሸት የተናገርኩት አይመስለኝም፤ ያ አብሬው የገለጥኩት ሣር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ዓመት ገደማ አለፈ። ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ ዘፈን በስልክ ውስጥ መግባት ጀመረ፤ ሸምሱም ሙዚቃ ቤቱን ዘግቶ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ሆነ። አሁን ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፣ ሰባት የልጅ ልጅ አለው። ጓደኝነታችን አልተቋረጠም። በዓል ሲመጣ የምናርደው ለየብቻ ነው፤ ስለዚህ እኔ ለገና ስጠራው አስቀድሜ ዶሮውን በሕይወቱ እልክለታለሁ፣ በሱ ወገን አሳርዶ ያመጣዋል፣ ባለቤቴ ለብቻው ትሠራለታለች። ይህን ያህል የምንጠነቃቀቅ ሰዎች ነን። ከሰዓት በኋላ ሻይ ስንጠጣ እውነቱ ስንቴ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ዛሬ ጉንፋን ይዞታል፣ ዛሬ ልጁን ድሯል፣ ዛሬ ከፍቶታል፤ ምክንያት አላጣም ነበር። ካሴቱን ደግሞ እንደ መዝሙር ካሴት ከሌሎቹ ጋር ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። መጣል ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። ያችን ባለ ቢጫ ቀሚስ ሴት መጣል አልቻልኩም።

ባዛሩ ቅዳሜ ነበር። ገበያም ስለሆነ ሜዳው ጢም አለ። በየሸራው ስር ጠረጴዛ ተደርድሯል። አንዷ ወይዘሮ የሙሽሮች ሥዕል ያለበት ካላንደር ይዛ ከስምንት መቶ ብር አልወርድም ትላለች፤ አንዱ የኳስ ተጫዋች ፖስት ካርዶቹን እንደ ካርታ በእጁ ዘርግቶ ይዞራል። ከቀይ አፈር ከተማ በአይሱዙ የመጣ ሰውዬ ደግሞ ሦስት ትልልቅ ቴፖችን በጆንያ አምጥቶ፣ እንደሚሠሩ ለማሳየት ከሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዟቸው፣ ሰው የሚሰጠውን ካሴት ሁሉ ያጫውታል። እኛም ስድሳ ካሴት ይዘን ቁጭ አልን። ምሕረት ለሚመጣው ሁሉ «ሽፋኑ የዘፈን ነው እንጂ ውስጡ መዝሙር ነው» እያለች ታስጠነቅቃለች። ሰው ይስቃል፣ ይገዛል። ሰብሳቢዎቹ ለካ የሚፈልጉት ሽፋኑን ነው። አሥራ ሁለት ብሩን ካሴት በስድስት መቶ ብር ስሸጥ እጄ ትንሽ አፈረ። ያችኛዋን ከቤት ሳልወጣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶኑ ውስጥ ከሁሉም በታች ደብቄያት ነበር። ምሕረት ሻይ ልታመጣ ስትሄድ ቀና ብዬ ጠረጴዛውን ሳይ ባለ ቢጫ ቀሚሷ ከሁሉም ፊት ቆማለች። ልጄ ጋዜጣውን ፈትታ፣ ከሁሉም የምታምረውን መርጣ ነው ፊት ያደረገቻት፣ ምን ታድርግ።

ላነሣት ስል ከአዲስ አበባ የመጣ ጺሙን ያሳደገ ወጣት ቀደመኝ። «ጋሼ፣ ይሄን የት አገኙት? አሥር ዓመት ስሰበስብ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።»

«እሱም ውስጡ መዝሙር ነው» አልኩት ፈጠን ብዬ።

«ውስጡን ማን ጠየቀዎት? ሦስት ሺህ ብር ልስጥዎት።»

«አይሸጥም፣ ልጄ። መልስልኝ።»

ልጁ ቅር እያለው መለሰው፤ እኔ ከመቀበሌ በፊት ግን ከጎን አንድ እጅ ወሰደው። ሸምሱ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሽፋኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጣቱ ስሙ የተጻፈበት ላይ ቆመ።

«ማርቆስ» አለኝ። «ይሄ የኔ ነው እኮ።»

«ያንተ ነው።»

«የት ተገኘ?»

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ባልኖረኝ። «ገዘር… አንድ የድሮ ተማሪዬ መንገድ ላይ አግኝቶት ኖሮ…» አልኩ። ውሸቱ ሃያ ሰባት ዓመት ተቀምጦ እንኳ አልዛገም፣ ዘው ብሎ ወጣ። ሸምሱ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ አቀፈኝ። ጢሙ ጉንጬን ወጋኝ፣ እንባው አረጠበኝ። «አላህ ይስጥህ! ወላሂ አላህ ይስጥህ!» ይላል። ወደ ሰዉ ዞረና «ይሄን ሰውዬ አያችሁት? ይሄን ካሴት ፍለጋ ከኔ ጋር ሁለት ቀን ሣር ውስጥ ሲርመጠመጥ የዋለ ሰው ነው! እንዲህ ያለ ጓደኛ አላችሁ?» አለ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። ጭብጨባ እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም። ከዚያ ካሴቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቀይ አፈሩ ሰውዬ ቴፕ አመራ።

ባለ ጺሙ ልጅ አየኝ። «ጋሼ፣ ውስጡ መዝሙር ነው አላሉኝም?» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ታማሚ ነው፣ ሆኖም ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ስደርስ ሰውዬው የቴፑን በር ከፍቶ እጁን ዘርግቷል።

«ሸምሱ፣ ቆይ። አታስገባው።»

«ምነው?»

«መንገድ ላይ አልጠፋም ነበር። ማንም አላገኘውም። እኔ ዘንድ ነበር። መዝሙር ቀዳሁበት።»

ሸምሱ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ዓይኑ ላይ አደረገው፣ በደንብ ሊያየኝ እንደፈለገ ሁሉ። «መቼ?»

«ጌታን በተቀበልኩ ሰሞን። አንተ ዘንድ ከመምጣቴ በፊት።»

«ስንፈልግ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሁለቱንም ቀን?»

«ሁለቱንም ቀን።»

ሸምሱ ካሴቱን ለሰውዬው ሰጠው። «አስገባው» አለ። በሞንታርቦው ውስጥ የኔ የወጣትነት ድምፅ ወጣ፤ «መዝሙር ቁጥር አንድ» ይላል፣ እንደ ተማሪ ስም ጠሪ እየጮኸ። ቀጥሎ ኳየሩ። በአሪኛ፣ በጭብጨባ፣ ከኋላ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል። የገበያ ዕቃ ይዘው ሲያልፉ የነበሩ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች መዝሙራቸውን አውቀው ቆሙ፣ አብረው መዘመር ጀመሩ። ለእነሱ ደስታ ነበር። ሸምሱ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያ «ጫፉ ላይ ትንሽ ተርፎ እንደሆነ ወደፊት አሳልፈው» አለ። ሰውዬው አሳለፈው። ጫፉ ላይ መዝሙረ ዳዊት የማነበው እኔው ነኝ፤ ትርፍ ቦታ ሲቀር ባክኖ እንዳይቀር ብዬ ሞልቼዋለሁ። ካሴቱን ገለበጠው። በዚያኛውም በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደዚያው ነው።

«አስተማሪ ነዋ» አለ ሸምሱ፣ ለማንም ሳይሆን። ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። እኔ ፊቱ ቆምኩ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«እኔ የከፋኝ ካሴቱን ብዬ አይደለም» አለኝ ቆይቶ። «ማጫወቻም የለኝ። ልጆቼ በኢንተርኔት ፈልገው አጥተውታል፣ መርካቶም ሳይቀር አስፈልጌያለሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ አውቀዋለሁ። ከሁሉ በላይ የጠፋኝ ሁለተኛው ነው፣ እናትየው በር ላይ የምትለው። የኔዋም ያን ቀን በር ላይ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አላገኘኋትም። ያልኳትንና ያለችኝን ከዘፈኑ ጋር እያቀላቀልኩ ስኖር አሁን ሁለቱም ጠፉብኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ትዝ ይልሃል?»

ትዝ ይለኛል። ገዘር ላይ ሳልቀዳበት በፊት ሦስት ቀን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ ድንጋዩ እስኪሞት። ነገር ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ ከአፌ ዘፈን ወጥቶ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ ወጣቶቹን ከዘፈን እንዲርቁ የምመክር። እናቶቹ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ቆመዋል፣ ከመካከላቸው አንዷ «ወንድም ማርቆስ፣ ምን ሆነሃል?» ብላኛለች። ምሕረት ሻዩን ይዛ ከሰዉ ኋላ ታየኛለች። ሸምሱ ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ይጠብቃል።

ዘፈንኩለት። ድምፄ አርጅቷል፣ ዜማው ግን አልሳተኝም። እናቲቱ ልጇን በር ላይ ያለችውን፣ ቃል በቃል፣ አንድም ሳልዘል። ሸምሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ ከንፈሩ አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር። እናቶቹ አልሄዱም።

ስጨርስ «ሦስተኛውስ?» አለኝ።

ሦስተኛውን፣ ልጁ ለእናቱ የመለሰላትን፣ ፈለግኩት። አጣሁት። የነበረው እዚያ ካሴት ላይ ነበር፤ ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ። «የለኝም» አልኩት። «ይቅር በለኝ ሸምሱ፣ እሱ የለኝም።»

ሸምሱ ሳጥኑ ላይ ጠጋ አለና አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ።

«እንግዲያው ሁለተኛውን ድገመው» አለኝ።

ተቀምጬ ደገምኩለት።